የሻላ ወፎች ቆጣሪ

ጋሽ ዘለቀ ማረፋቸውን የሰማሁት ናዝሬት፣ ጸጉር አስተካካይ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ግማሽ ራሴ ተቆርጦ ግማሹ ተራውን በሚጠብቅበት ሰዓት ነው። አስተካካዩ ስለ ሙቀቱ ሲያወራኝ ቆይቶ፣ በዚያው ድምፁ፣ የድሮ የባዮሎጂ መምህሩ ትናንት እንዳረፉና ቀብራቸው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት እንደሆነ ነገረኝ። እኔን ቶሎ ጨርሶ ሊሄድ ነበር። ስማቸውን ስጠይቀው ነገረኝ። ፎጣውን ከአንገቴ ላይ አንስቼ ወጣሁ። ግማሹ እንደቀረ ከኋላዬ እየጮኸ ሲነግረኝ ይሰማኛል፤ ግን አልተመለስኩም።

እንደዚያው ሆኜ ቀብር ደረስኩ። ሰው ሁሉ ያየኛል። አንዲት እናት ከሐዘን ብዛት ጸጉሬን የነጨሁት መስሏቸው እጄን ያዙና «አይዞህ ልጄ፣ እንዲህ አይደረግም» አሉኝ። እውነቱን መናገር አፈርኩና ዝም አልኩ። የእኔ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ የማይገባኝን ክብር ሲሰጡኝ ዝም እላለሁ። ይህ ጠባዬ ከማንም በላይ የጎዳው ደግሞ እዚያ የሚቀበሩትን ሰው ነው።

ጋሽ ዘለቀን ያወቅኳቸው በሰባዎቹ መጀመሪያ፣ ከኮሌጅ ወጥቼ በዱር እንስሳት ጥበቃ ሥራ ሻላ ሐይቅ ዳር በተመደብኩበት ጊዜ ነው። ምደባው ከመምጣቱ በፊት አንድ ቅጽ አስሞልተውን ነበር። «ዋና ትችላለህ?» የሚል ጥያቄ ነበረበት። እኔ ደግሞ የናዝሬት ልጅ ስለሆንኩ ሶደሬ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ። መቼም እናቶች ሕፃናት ይዘው ከሚቆሙበት፣ ውኃው እምብርት ከማያልፍበት ቦታ ወዲያ ተሻግሬ ባላውቅም፣ «በጣም ጥሩ» ብዬ ጻፍኩ። በሕይወቴ የደረሰብኝ ችግር ሁሉ ቅጽ ሲሰጡኝ እጄ ስለማያርፍ የመጣ ነው።

መሥሪያ ቤታችን ከአርሲ ነገሌ ወጣ ብሎ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ የቆመ ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ነበር። ሠራተኞቹ ሦስት ነን። ጋሽ ዘለቀ ኃላፊውና ባዮሎጂስቱ፣ ኦቦ ቱፋ ጥበቃና ጀልባ ቀዛፊ፣ እኔ ደግሞ ረዳት ባለሙያ። ጋሽ ዘለቀ አጭር፣ ቀጭን፣ ካኪ ኮታቸው በሁሉም ኪሱ የሆነ ነገር የሚያንኳኳ ሰው ነበሩ። ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየው መነጽራቸው ከአንገታቸው አይወርድም። ሠርግ ሲጠሩ እንኳ አውልቀው አይሄዱም፤ ክብር ለመስጠት ያህል ኮታቸውን ይቆልፉበታል። የሐይቁ ዳር ልጆች «አባ ሲምቢራ» ይሏቸዋል፤ የወፍ አባት ማለት ነው። ኦቦ ቱፋም በዚሁ ስም ነበር የሚጠራቸው።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን ድምፃቸው ነው። ወፍ ላለማስደንገጥ ሲሉ ሃያ ዓመት ሲያንሾካሹኩ ኖረው ሌላ አነጋገር ጠፍቷቸው ነበር። ገበያ ወርደው ሽንኩርት ሲጠይቁ ሻጯ «ምን አሉ?» ትላለች፤ ይደግሙታል፤ አሁንም «ምን አሉ?» ትላለች። ሲቆጡም በሹክሹክታ ነው። ይህ በሌላ ዘመን ቢሆን የሚያስቅ ጠባይ ሆኖ ይቀር ነበር። በዚያ ዘመን ግን ስብሰባ በተባለ ቁጥር ግራ እጅ ወደ ላይ ተነስቶ መፈክር ይባላል፤ ሁሉም ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ሲጮህ ጋሽ ዘለቀ «ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚሉት ለጎረቤታቸው ምስጢር እንደሚነግር ሰው ነበር። የአውራጃው ካድሬ ጓድ ሙላት ሁለት ጊዜ ድምፅ እንዲጨምሩ አሳስቧቸዋል። ጋሽ ዘለቀም እሺ ብለዋል፤ በሹክሹክታ።

ሥራችን ደሴት መጠበቅ ነው። ሻላ ውስጥ፣ ከዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ርቃ የምትገኝ ድንጋያማ ደሴት አለች። ፔሊካኖች፣ እነዚያ ከአገጫቸው ሥር ከረጢት የተንጠለጠለባቸው ትልልቅ ነጫጭ ወፎች፣ እንቁላል የሚጥሉት እዚያ ላይ ነው። የሚገርመው ሻላ ውስጥ ለነሱ የሚሆን ዓሣ የለም። ዓሣ የሚያጠምዱት ጎረቤት ካለው ከአቢያታ ሐይቅ ነው፤ ጠዋት ሄደው ከረጢታቸውን ሞልተው ይመለሳሉ። ለምን አቢያታ ዳር ጎጆ ሠርተው እንደማይገላገሉ የጠየቅኳቸው በመጀመሪያው ሳምንት ነበር። እዚያ ጅብና ቀበሮ እንደልቡ ይገባል፣ ደሴቷ ላይ ግን አይደርስም አሉኝ። ቀጥለውም «ምግቡ ያለበት ሌላ ነው፣ ሰላሙ ያለበት ሌላ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያገኘ ወፍም ሰውም አላየሁም» አሉ።

ወደ ደሴቷ የሚኬደው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ፀሐይ ሳትበረታ ተቆጥሮ መውጣት አለበት። ወፎቹ ደንግጠው ከተነሱ እንቁላሉ ፀሐይ ላይ ይበስላል፣ ካልሆነም አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ አሞራ ወርዶ ይለቅመዋል። ስለዚህ ከጀልባዋ ወርደን በደረታችን እየተሳብን ነበር የምንቆጥረው። «ወፎቹ እንግዳ አልጠሩም» ይሉኛል፤ ካልተጠሩበት ቤት የገባ ሰው ጎንበስ ብሎ መግባት አለበት ማለታቸው ነው።

በመጀመሪያው ቀን ጀልባዋ ትንሽ ስትወዛወዝ የ«በጣም ጥሩ» ዋናዬ ጉዳይ ታወቀ። ጎኗን በሁለት እጄ አቅፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የማውቃቸውን መላእክት ሁሉ በስማቸው እየጠራሁ ደረስኩ። ኦቦ ቱፋ የሚቀዝፈውን ትቶ በሳቅ ተንከተከተ። ጋሽ ዘለቀ ግን አልሳቁም። ከኮታቸው ኪስ እፍኝ ሙሉ ሽምብራ አውጥተው ሰጡኝና አቆጣጠሩን አስረዱኝ። ቀኝ ኪስህ ውስጥ ክተት፤ አሥር ጎጆ በቆጠርክ ቁጥር አንድ ፍሬ ወደ ግራ ኪስህ አዛውር፤ መጨረሻ ላይ የግራውን ትቆጥራለህ። እርሳቸው በላይኛው በኩል ሄዱ፣ እኔ በታችኛው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ተገናኘንና ስንት እንደሆነ ጠየቁኝ። ግራ ኪሴን ስገለብጠው ባዶ ነው። ቀኙም ባዶ ነው። ሽምብራው ለካ የተቆላ ኖሯል፤ በፍርሃት ውስጥ ሆኜ እያዛወርኩ መስሎኝ ወደ አፌ ስከተው ነበር።

ጋሽ ዘለቀ «ስንት ነው የበላኸው?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ። «እንግዲያው ነገ ደግመን እንመጣለን» አሉ፤ ደገምንም። ከዚያ ወዲያ ለእኔ የሚሰጡኝ ጠጠር ነበር። ማታ ቁጥሩን መዝገብ ላይ ስጽፍ ከኋላዬ ይቆሙና «ቆጥረህ ነው ወይስ ሞልተህ?» ይሉኛል። ይህች ጥያቄ በየቀኑ ነበረች። ያልተቆጠረን ነገር ግምት ብለው እንኳ አይጽፉም፤ ደመና ሆኖ ካላዩ «አላየሁም» ብለው ይጽፋሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ መዝገባቸው ላይ አንድ የተፈጠረ ቁጥር አልነበረም። የሚኮሩበት ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው።

የቀረውን ጊዜያቸውን የሚያጠፉት በማስተማር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የነገሌንና የቡልቡላን ተማሪዎች ሰብስበው አቢያታ ዳር ይወስዷቸዋል። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሲመጣ ደግሞ ከሐይቁ ዳር ገበሬዎችን እንዲያስተምሩ ተመደቡና ፊደሉን በሙሉ በወፍ አደረጉት። አሞራ፣ ቁራ፣ ዳክዬ፣ ጉጉት እያሉ ሄደው «ፐ» ላይ ሲደርሱ «ፔሊካን» አሉ። ጓድ ሙላት ሊጎበኝ መጥቶ ሰሌዳውን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ፤ በመመሪያው መሠረት «ፐ» ላይ የሚመጣው ፕሮሌታሪያት መሆኑን ተናገረ። ጋሽ ዘለቀም እነዚህ ገበሬዎች ፕሮሌታሪያት አይተው እንደማያውቁ፣ ፔሊካን ግን በየቀኑ በራሳቸው ላይ እንደሚያልፍ አስረዱት። የሰማቸው ከፊት የተቀመጠው ብቻ ነው። እሱም ሳቀ፤ ካድሬው ግን በማስታወሻው ላይ የሆነ ነገር ጻፈ።

አሁን ወደ ሥራዬ ልምጣ። በሦስተኛው ዓመት፣ ወፎቹ እንቁላል ላይ በተቀመጡበት ወቅት፣ የጋሽ ዘለቀ ባለቤት እትዬ ጽጌ ታመሙና ጋሽ ዘለቀ ሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስደው ናዝሬት ሄዱ። እኔ ተወከልኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማኅተም ያለበት መሳቢያ ቁልፍ ያዝኩ። የሩብ ዓመት ሪፖርት መላኪያ ቀን ደርሶ ነበር። የራሳችን ቅጽ አልቋል፤ የወረቀት እጥረት ስለነበረ አውራጃው የላከልን ለመንግሥት እርሻ ተባዝቶ የተረፈውን ቅጽ ነው። በተራው የተዘረዘሩት ወተት፣ ሥጋ፣ እንቁላልና ማር ናቸው። ከጎናቸው ዕቅድ፣ ክንውንና በመቶኛ የሚሉ ክፍት ቦታዎች አሉ።

ጋሽ ዘለቀ ቢሆኑ ቅጹን ገልብጠው ጀርባው ላይ «ይህ ቅጽ እኛን አይመለከትም» ብለው ቁጥራቸውን ይጽፉ ነበር። እኔ ግን ክፍት ቦታ አየሁ። ወተት የለንም፣ ሥጋ የለንም፣ እንቁላል ግን አለን። የዚያን ሰሞን ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ ኮከብ ሠራተኛ ይመረጥ ነበር። የቆጠርነውን የጎጆ ቁጥር በሁለት አባዝቼ በክንውን ሥር ጻፍኩ፤ ፔሊካን ባብዛኛው ሁለት ትጥላለችና። ዕቅድ ስላልነበረን እሱንም ከክንውኑ ትንሽ ዝቅ አድርጌ እኔው አቀድኩ። ስለዚህ ሻላ ሐይቅ በእንቁላል ከዕቅድ በላይ ፈጸመ። ታች ላይ «ስለ ዘለቀ» ብዬ ፈርሜ ማኅተም አሳረፍኩበት። ማኅተሙ ትንሽ ስለተዛባብኝ ሁለተኛ መታሁት።

በሳምንቱ መልስ መጣ። የመጀመሪያው ወረቀት ለእኔ የኮከብ ሠራተኛነት የምስክር ወረቀት ነው። ያን ቀን ለኦቦ ቱፋ ሦስት ጊዜ አነበብኩለት። ሁለተኛውን ወረቀት የከፈትኩት ደስታዬ ቀዝቀዝ ካለ በኋላ ነበር። አውራጃው ለአብዮቱ በዓል ለሚሰበሰቡት ልዑካን ምግብ ቤት ተጠቃሹን የእንቁላል ምርት ሙሉ በሙሉ እንድናስረክብ ያዛል። ለመሰብሰቢያ የሚሆን ሰው ከገበሬ ማኅበራት፣ ለመጫኛ ደግሞ ገለባ የተነጠፈበት ተሳቢ ያለው ትራክተር በሚመጣው ሐሙስ ይላካል።

ጋሽ ዘለቀ በማግስቱ ተመለሱ። ሁለቱንም ወረቀት ሰጠኋቸው፤ የምስክር ወረቀቱን ከላይ አድርጌ። ቆመው አነበቡ፣ ተቀመጡ፣ እንደገና አነበቡ።

«ቆጥረህ ነው ወይስ ሞልተህ?» አሉኝ።

«ሁለቱንም» አልኩ።

አልተቆጡም። ባርኔጣቸውን አድርገው ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ሄዱ። ማታ ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ገና በብርሃን ተመለሱ፤ ነገሩ ረጅም ንግግር አልፈለገም ነበርና። እንቁላሉ የዶሮ ሳይሆን የማይበላ የዱር ወፍ እንደሆነ ለጓድ ሙላት ነግረውት፣ እንቁላል እንቁላል እንደሆነ፣ የሚበላና የማይበላ ወፍ የሚባለው የአድኃሪ ልማድ እንደሆነ መልሶላቸዋል። ደሴቷ ላይ ያን ያህል ሰው ከወጣ ወፎቹ ጥለው እንደሚሄዱ፣ ሌላ የሚሄዱበት ደሴት ደግሞ እንደሌላቸው ነግረውታል። ሰፊው ሕዝብ ሳይጠግብ ወፍ አይፈለፈልም ብሏቸዋል። በመጨረሻም እንቁላሉ ከሌለ ሐሰተኛ የምርት ሪፖርት ማለት የኢኮኖሚ አሻጥር እንደሆነ አስታውሷቸዋል። በዚያን ጊዜ አሻጥር የምትለዋ ቃል ሰውን የት እንደምታደርስ ሕፃንም ያውቀዋል።

ነገሩ ግልጽ ነበር። ሐሙስ ዕለት ወይ እንቁላሉ ይሄዳል፣ ወይ ሰው። ሰውየው ደግሞ እኔ ነኝ። አለቀስኩ። ራሴ ሄጄ እውነቱን እናገራለሁ እያልኩ ምዬ ተገዘትኩ፤ ስናገር ግን አንድ እግሬ ናዝሬት፣ እናቴ ጓዳ ለመደበቅ መንገድ ጀምሮ ነበር። ጋሽ ዘለቀ ፊቴን እንድታጠብ ነገሩኝ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ወደ ደሴቷ ወሰዱኝና ዳር እስከ ዳር እንደገና ቆጠርን። ጠጠራችንን አስተያየን፤ ልክ ነበር። ቁጥሩን በመዝገቡ ላይ በራሳቸው እጅ ጻፉት። ለምን እንደቆጠርን አልገባኝም።

የገባኝ ረቡዕ ነው፤ የውይይት ክበብ ቀን። የአካባቢው መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች ሁሉ ነገሌ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበናል፤ ጓድ ሙላት ጠረጴዛው ላይ ነው። ሂስና ግለ ሂስ የሚባለው ሰዓት ደረሰ። አብዛኛው ሰው ግለ ሂስ የሚያደርገው አርፍዶ ስለመግባት ነው፤ ስብሰባ ላይ ስለማንቀላፋትም የሚሉ አሉ። ጋሽ ዘለቀ ተነሱ። አፋቸውን ሲከፍቱ አዳራሹ በሙሉ ቀና አለ፤ ድምፅ ነበራቸው ለካ። እኔም የሰማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

«ጓዶች፣ ሪፖርቱ ሐሰት ነው» አሉ። «ዘንድሮ ወፎቹ አልመጡም፤ ደሴቷ ላይ አንድ እንቁላል የለም። ሠሩ እንድንባል ቁጥሩን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ይህ ልጅ ጻፍ ያልኩትን ጻፈ እንጂ የሚያውቀው ነገር የለም።»

ቆጠራው ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሐሰቱን በአፋቸው ከመናገራቸው በፊት እውነቱ መዝገብ ላይ እንዲኖር ነበር። ከወንበሬ ግማሽ ድረስ ተነሳሁ። ይህን እወቁልኝ፤ ግማሽ ድረስ ተነስቻለሁ። በዓይናቸው ቁጭ በል አሉኝ ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አላዩኝም። ፊታቸው ወደ ጠረጴዛው ነበር። ማንም ሳይጫነኝ፣ ማንም ሳያየኝ፣ በራሴ ጉልበት ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ብዙ ቦታ ተቀምጫለሁ፤ እንደዚያ ዕለቱ መቀመጥ ግን ከብዶኝ አያውቅም።

ጓድ ሙላት በቀላሉ የሚታለል ሰው አልነበረም። ሄዶ በዓይኑ ማየት እንዳለበት ተናገረ። ጋሽ ዘለቀም በፈለገው ሰዓት ሊወስዱት ዝግጁ እንደሆኑ ገለጹ። ጓድ ሙላት ማለዳ መነሳት የማይወድ ሰው ስለነበረ ነገ ምሳ ከበላን በኋላ ይሁን አለ። ጋሽ ዘለቀም «እንደ ፈቃድዎ» አሉ፤ ድምፃቸው ወደ ሹክሹክታው ተመልሶ ነበር።

ሻላን የሚያውቅ ሰው ከምሳ በኋላ ጀልባ ውስጥ አይገባም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከገደሉ ወርዶ ውኃውን ይገለብጠዋል። ኦቦ ቱፋ ሐሙስ ዕለት ዳር ላይ ቆሞ ሰማዩን አየና «አባ ሲምቢራ፣ ቡቤን ዱፌራ፤ ነፋሱ መጥቷል» አለ። ጋሽ ዘለቀ ለጓድ ሙላት ነፋስ እንዳለ፣ ለነገ ጠዋትም ሊተላለፍ እንደሚችል በግልጽ ነገሩት። አብዮታዊ ሰው ነፋስ እንደማይፈራ መለሰ። ትራክተሩ ተሳቢውን ይዞ ዳር ቆሟል። አራታችን ገባን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ ያየሁት አይመስለኝም፤ ምክንያቱም እኔና ጓድ ሙላት በጀልባዋ ወለል ላይ ግንባር ለግንባር ገጥመን ተኝተን ነበር። እሱ ያስመልሰዋል፣ እኔ እከተላለሁ፣ እኔ ሳርፍ እሱ ይቀጥላል። ውኃው ከላይ ይገባል። መንገዱ እኩሌታ ላይ ጋሽ ዘለቀ ጎንበስ ብለው ደሴቷ ከፊት ለፊት እየታየች እንደሆነ፣ ቀና ብሎ ማየት እንደሚችል በትሕትና ነገሩት። ጓድ ሙላት ዓይኑን ሳይገልጥ «አይቻለሁ፣ ባዶ ነው፤ መልሱኝ» አለ። እኔ በዚያች ቅጽበት ቀና ብዬ ነበር። ደሴቷ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነበረች።

ትራክተሩ ገለባውን ይዞ ተመለሰ። ጓድ ሙላት ደሴቷን በአካል ተገኝቶ ባዶ መሆኗን እንዳረጋገጠ የሚገልጽ ወረቀት ፈረመ። ጋሽ ዘለቀን ግን በዚያው ሳምንት ወሰዷቸው። ቀበሌ እስር ቤት ሦስት ሳምንት ቆዩ። ከዚያም ሐሰተኛ ሪፖርት በማቅረብ በሚል ከሥራቸው ተነስተው ናዝሬት ባዮሎጂ እንዲያስተምሩ ተመደቡ። ሐይቁ ዳር እንዳይደርሱ ተከለከሉ። እኔ ደግሞ ጻፍ የተባልኩትን የጻፍኩ ኮከብ ሠራተኛ ስለነበርኩ በቦታቸው ተጠባባቂ ኃላፊ ሆንኩ።

ቁልፉን ሊያስረክቡኝ ሲመጡ ከስተው ነበር። እግራቸው ሥር ልወድቅ አስቤ ጎንበስ ስል የጀልባዋን ቀዳዳ የት የት እንደደፈኑት ያሳዩኝ ጀመር። መነጽሩን ከአንገታቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ የመንግሥት ንብረት ነበረ። ያለ እሱ አንገታቸው የሌላ ሰው መሰለኝ። በሩ ላይ ሲደርሱ «ለመሥሪያ ቤቱ አልመጡም እያልክ ጻፍ፤ ለእኔ ግን ቆጥረህ አምጣልኝ» አሉ።

የመጀመሪያውን ዓመት ቆጠራ በደብተር ይዤ ናዝሬት ቤታቸው ሄድኩ። እውነቱን ልናገር፤ ጀልባዋን ፈርቼ ከገደሉ ላይ ሆኜ በመነጽር ነበር የቆጠርኩት። እትዬ ጽጌ ምሳ አቀረቡ። ጋሽ ዘለቀ የተማሪ ፈተና ያርሙ ስለነበር ቀይ እስክሪብቶ እንደያዙ ደብተሬን ከፈቱ፤ ገጹን ጨረሱና ከደሴቷ ወዲያኛው ጀርባ፣ ከዳር ከማይታየው ቁልቁለት ላይ፣ ስንት እንደነበረ ጠየቁኝ። አንድ ቀይ መስመር ከላይ እስከ ታች አሰመሩበትና መለሱልኝ። ምሳዬን ሳልጨርስ በሞጆ በኩል አውቶቡስ ይዤ ተመለስኩ፤ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ኦቦ ቱፋን ቀስቅሼ ጀልባዋ ውስጥ ገባሁ።

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ በደረቴ ተስቤ ቆጠርኩ፤ በየዓመቱ ለመሥሪያ ቤቱ ወፎቹ አልመጡም ብዬ ጻፍኩ፤ በየዓመቱ ደብተሩን ናዝሬት አደረስኩ። ጋሽ ዘለቀ ሐይቅ ቢከለከሉም ተማሪዎቻቸውን ቄራ ዳር ወስደው አባ ኮዳ ያስቆጥሯቸው ነበር። ያ አስተካካይ ቀብሩ ላይ እንደነገረኝ፣ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ ሲመልስ መጀመሪያ የሚጠይቁት ቆጥሮ ነው ወይስ ሞልቶ ነው።

እኔ ግን በሄድኩ ቁጥር ልናገረው የምፈልገው ሌላ ነገር ነበር። ከአውቶቡስ ወርጄ ቤታቸው እስክደርስ ቃሉን እያዘጋጀሁ እሄዳለሁ። «ጋሼ፣ ያን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ» ብዬ ስጀምር «ጫጩቶቹስ፣ ክንፍ አወጡ?» ይላሉ። በሌላው ዓመት «የፈረምኩት ፊርማ» ስል «አባ ኮዳ ስንት አየህ?» ይሉኛል። አንድ ጊዜ ከባለቤታቸውና ከልጃቸው ከሶስና ፊት ተነስቼ ቆሜ ጀመርኩ። ጋሽ ዘለቀ ደብተሩን እያገላበጡ ሦስተኛው ገጽ ላይ ድምሩ በአንድ እንደተሳሳተ ነገሩኝ። ተቀምጬ ደመርኩት፤ እውነትም በአንድ ተሳስቷል። ይቅርታ መጠየቅ የማይፈቀድለት በደለኛ ምን እንደሚመስል እኔን ያየ ያውቃል።

መንግሥት ተለወጠ። ትክክለኛውን ቁጥር በግልጽ መጻፍ ተቻለ። የጋሽ ዘለቀ ፋይል ግን ሐሰተኛ ሪፖርት ያቀረቡ ሰው እንደሆኑ እንደሚናገር ቀረ፤ እርሳቸውም ይታረምልኝ ብለው አልጠየቁም። ደብተሩን ግን አልተዉትም። ጡረታ ወጥተው፣ ዓይናቸው ደክሞ፣ ሶስና እያነበበችላቸው እንኳ እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ አስመጥተውኛል።

በቀብሩ ሦስተኛ ቀን ለቅሶ ቤት ተቀምጬ፣ ሰዉ ሳሳ ሲል ወደ ሶስና ተጠጋሁ። የሒሳብ መምህርት ሆናለች። ለአባቷ መንገር ያቃተኝን ለእሷ ነገርኳት። ቅጹን፣ «ስለ ዘለቀ» ያልኩትን ፊርማ፣ አዳራሹን፣ ግማሽ ድረስ ተነስቼ መቀመጤን፣ አንዱንም ሳልደብቅ ነገርኳት። አባትሽ ከሻላ የተነሱት፣ የታሰሩት፣ ስማቸው የጠፋው በእኔ ነው አልኳት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ጋሽ አበራ፣ እኛ እኮ ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን» አለችኝ። «አንተ በሄድክ ቁጥር እማዬ አባዬን ትቆጣው ነበር። ልጁ ሊናገር እየመጣ ለምን አፉን ትዘጋበታለህ፣ ይቅር ብዬሃለሁ በለውና ይረፍ ትለዋለች።»

«እሳቸውስ ምን ይሉ ነበር?»

«ይቅር ያልኩት ዕለት ከዳር ቆሞ ይቆጥራል ይላታል።»

ሳቅ አመለጠኝ። ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቼ ሳቅኩ፤ በሩ አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ዞረው አዩኝ። ቀጥሎ ተናደድኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ጎሕ ሲቀድ ያን ውኃ እየፈራሁ ስሻገር፣ በድንጋይ ላይ ስሳብ፣ ለካ በጸጸቴ ያሠሩኝ ኖሯል። ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ፤ ምክንያቱም ልክ ነበሩ። ያውቁኛል። ከዳር ቆሜ እቆጥር ነበር።

ፊቴን ጠርጌ ሶስናን «ሳይሞቱስ በመጨረሻ ይቅር አሉኝ?» ብዬ ጠየቅኳት።

አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችኝ። «ቆጠራው መቼ ነው?» አለች።

«በሚመጣው ሳምንት።»

«እንግዲያው ደብተሩን ለእኔ አምጣው» አለችኝ።